ዕቃው አለ፤ ማን ያገኘዋል?

ዕቃ መኖሩና ዕቃ መገኘቱ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን በግምጃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሞዴል 19 ተቈርጦለት የገባ፥ በቢን ካርድ ላይ በቁጥር የሰፈረ፥ በመደርደሪያም ላይ በሥርዓት የተቀመጠ ዕቃ፥ ፈላጊው በሚጠራው ስም ካልተመዘገበ እንደሌለ ይቈጠራል። ፈላጊው «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መሥሪያ ቤቱም ያለውን ዕቃ ሁለተኛ ለመግዛት ጨረታ ያወጣል። ዕቃው ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እጅግ ብዙ ዕቃ የተዘረዘረበትና በእያንዳንዱም ዕቃ ላይ ልዩ ልዩ መለያ ቃላት የተለጠፉበት መዝገብ፥ ፈላጊ ያሻውን በቅጽበት እንዲያገኝበት ሆኖ በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት ሊደራጅ እንደሚገባ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የመንግሥት ግዥ ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በመሻገር ላይ ሳለ፥ ነጋዴውም ዕቃውን በስልክ መስኮት ላይ በሚዘረጋበት በዚህ ጊዜ፥ ከኮሌጅ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባ ወጣት «እስቲ ይህን የዕቃ ዝርዝር አደራጅልን» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ብዙዎች ወደ ማሽኑ ይሮጣሉ። የእኛ አሳብ ግን አስቀድሞ ወደ ቃሉ መሄድ ይገባል የሚል ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ መድኃኒት እንውሰድ። ለራስ ምታትና ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል በአሜሪካ አገር የሚታወቀው አሲታሚኖፌን በሚል ስም ነው። መድኃኒቱ አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ነው። ከአሜሪካ በርዳታ የመጣው ካርቶን በላዩ ላይ እንደ ተጻፈው ቢመዘገብ፥ ከሌላ አገር ተገዝቶ የገባውም በራሱ ስም ቢመዘገብ፥ መዝገቡ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ ይላል። ፓራሲታሞሉ ባለቀበት ቀን ጤና ጣቢያው «አልቋል» የሚል መልስ ያገኛል፤ አሲታሚኖፌኑ ደግሞ በዚያው ጣሪያ ሥር የአገልግሎት ጊዜው እስኪያልፍ ይቀመጣል። በትኩሳት የሚቃጠል ልጅ ታቅፋ የመጣች እናት ባዶ እጇን የምትመለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን ስም ጠፍቶ ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1953 ጀምሮ ለመድኃኒቶች ዓለም የሚግባባበትን ስም እየዘረዘረ የሚያወጣው እንዲህ ያለውን መደናገር ለማስቀረት ሲሆን፥ በዚያ ዝርዝር የጸደቀው ስም ፓራሲታሞል ነው። ለመድኃኒትስ እንዲህ ያለ ዳኛ ተገኘለት። ለብረት ምጣድ፥ ለቆርቆሮ ክዳን፥ ለተማሪ ደብተር ግን ዳኛው መዝገቡን የሚያደራጀው ሰው ራሱ ነው።

ጥንት ነገርን መመደብ ማለት አንዱን ነገር በአንድ ሣጥን መክተት ነበር። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዪ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጻሕፍት አመዳደብ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ በሁለት መደርደሪያ ላይ ሊቆም አይችልምና የሚሰጠው ቁጥር አንድ ነው። ለመደርደሪያ ይህ ደኅና ነው። የፈላጊ አሳብ ግን ብዙ ነው። አንድ ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ በትንሽ ልክ የተሰፋ እንደ ሆነ፥ ለአንዱ ልብስ ነው፤ ለሌላው የሕፃናት ዕቃ ነው፤ ለሦስተኛው የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው፤ ለአራተኛው የአገር ጥጥ ምርት ነው። አራቱም እውነት ተናገሩ። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አመዳደብ፥ ነገርን በአንድ ሣጥን ከመክተት ይልቅ ገጽ ገጹን ለየብቻ መጻፍ ይሻላል አለ፤ ይኸውም ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለብቻ፥ ከምን እንደ ተሠራ ለብቻ፥ ቦታውና ጊዜውም ለብቻ ማለት ነው። ዛሬ በዕቃ ላይ መለያ ቃል መለጠፍ የምንለው የዚሁ አሳብ የቅርብ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ቋቱ እንግባ። እዚህ ላይ ወጣት ባለሙያ የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው ለያንዳንዱ ጠባይ አንድ ዐምድ መክፈት ነው። ጫማ ቁጥር አለው፤ ቀለም በሊትር ይለካል፤ ላፕቶፕ የማስታወሻ መጠን አለው፤ ብርድ ልብስ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ለሁሉ ዐምድ የተከፈተ እንደ ሆነ ሠንጠረዡ አራት መቶ ዐምድ ያወጣና በያንዳንዱ ረድፍ ሦስት መቶ ሰማንያው ባዶ ይሆናል። አዲስ ዓይነት ዕቃ በመጣ ቁጥርም ቤቱን እያፈረሱ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ምቹ ይመስላል። መለያ ቃላቱን ሁሉ በአንድ ዐምድ ውስጥ በነጠላ ሰረዝ እየለዩ መደርደርና፥ ፈላጊ ሲመጣ ቃሉ በውስጡ ይኑር አይኑር ብሎ ማሰስ ነው። «ብር» ብሎ የጠየቀ ሰው የብር ጌጥ አገኛለሁ ሲል ብርድ ልብስና ብርጭቆ ይጐርፍለታል፤ ማሽኑ ፊደል እንጂ ትርጉም አያይምና። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለው አሰሳ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ መልስ አይሰጥም። በአንድ ሺህ ዕቃ ላይ አይታወቅም፤ በአንድ ሚሊዮን ላይ ግን ፈላጊው ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል።

ደኅናው መንገድ የታወቀ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ መረጃ ሁሉ በቀላል ሠንጠረዦች ተቀምጦ በመካከላቸው ያለው ዝምድናም በዚያው በሠንጠረዥ ውስጥ በዋጋ እንዲገለጽ ሐሳብ አቀረበ። በእኛ ጉዳይ ሦስት ሠንጠረዥ ይበቃል። አንዱ የዕቃዎች ነው፤ ለያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር። ሁለተኛው የመለያ ቃላት ነው፤ ለያንዳንዱ ቃል አንድ ቁጥር፥ ቃሉም የማን ወገን እንደ ሆነ፥ የቀለም ነው ወይስ የተሠራበት ነገር ወይስ የተጠቃሚው፥ አብሮ ይጻፋል። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያጋባ ነው፤ «ይህ ዕቃ ይህ መለያ አለው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። አንድ ሚሊዮን ዕቃ ቢኖርና በያንዳንዱ ላይ አሥራ ሁለት መለያ ቢለጠፍ ይህ ሦስተኛው ሠንጠረዥ 12 ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ ሸክሙ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አራት አራት ባይት ቢይዝ ጠቅላላው 96 ሚሊዮን ባይት ነው። ማሽኑ ለራሱ አያያዝ የሚጨምረውና ማውጫው ተደምረው ብዙ እጥፍ ቢያደርጉት እንኳ፥ ከአንድ ተራ ሰርቨር የማስታወሻ ችሎታ አያልፍም። ስለዚህ «የእኛ ዝርዝር ትልቅ ነውና ልዩ ማሽን ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ፥ ሹሙ አስቀድሞ ይህን ስሌት እንዲያሠራ እንመክራለን።

ፍጥነቱ ያለው በማውጫው አሠራር ነው። ይህን ለማስረዳት ከስንክሳር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ስንክሳር የቅዱሳንን ታሪክ የሚያቀርበው በዕለት ተራ፥ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ነው። ዕለቱን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ገልጦ ያነባል። የቅዱሱን ስም ብቻ ይዞ ዕለቱን የማያውቅ ሰው ግን፥ ሌላ በስም ተራ የተዘጋጀ ማውጫ ካልተገኘለት፥ የዓመቱን ቅጠል ሁሉ ማገላበጥ አለበት። ሦስተኛው ሠንጠረዣችንም እንደዚሁ ነው። በዕቃ ቁጥር ተራ ብቻ ከተደረደረ «ይህ ጫማ ምን ምን መለያ አለው?» ለሚል ጠያቂ ቶሎ ይመልሳል። ነገር ግን ገዥ የሚጠይቀው በተገላቢጦሽ ነው፤ «ቡናማ የሆነ፥ ከቆዳ የተሠራ፥ ቁጥሩ 40 የሆነ ማን ነው?» ይላል። ለዚህ ሠንጠረዡ በመለያ ቃል ቁጥር ተራ የተደረደረ ሌላ ማውጫ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ማውጫ መኖር አለበት። አንዱን ረስቶ ፍለጋው ዘገየ እያሉ ማሽኑን መውቀስ በየቦታው የሚታይ ነገር ነው።

ሦስት መለያ አንድ ላይ ሲጠየቅስ? ቡናማ የሆነው ሰማንያ ሺህ፥ የቆዳው ሠላሳ ሺህ፥ ቁጥር 40 ደግሞ ዘጠኝ ሺህ ነው እንበል። ብልህ ሰው ከትንሹ ይጀምራል። ዘጠኙን ሺህ ይዞ ከመካከላቸው የቆዳውን ያጣራል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ በቀለሙ። ደኅና የመረጃ ቋት ይህን በራሱ ያስባል፤ ነገር ግን የሚያስበው እያንዳንዱ መለያ በስንት ዕቃ ላይ እንደ ተለጠፈ የሚያሳየው ግምት በየጊዜው ከታደሰለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር በእውነት ከበድ ይላል። ፈላጊው ቡናማ የቆዳ ጫማ ብሎ ሲጠይቅ፥ ከገጹ ጎን «ቁጥር 39፥ ይህን ያህል፤ ቁጥር 40፥ ይህን ያህል፤ ቁጥር 41፥ ይህን ያህል» እያለ ቀጣዩን መንገድ የሚመራው ዝርዝር ይፈልጋል። ይህ ቈጠራ ከፍለጋው ይልቅ ማሽኑን ያደክማል፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዕቃዎች ማሳየት ብቻ ሳይሆን የተገኙትን ሁሉ መቍጠር ነውና። በተጨማሪም አንድ ረቂቅ ነገር አለው። በልዩ ልዩ ወገን ያሉ መለያዎች «እና» በሚል ይያያዛሉ፤ በአንድ ወገን ያሉት ግን «ወይም» በሚል ነው። ቡናማና ጥቁር የመረጠ ሰው ሁለቱም ቀለም በአንድ ጫማ ላይ ይኑር ማለቱ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃኛል ማለቱ ነው። ስለዚህ የቀለሞቹን ቁጥር ስናሳይ ቀለምን በሚመለከት ያደረገውን ምርጫ ለጊዜው ትተን፥ ሌላውን ምርጫውን ብቻ ጠብቀን መቍጠር አለብን። ይህ ካልተደረገ ቡናማን በመረጠ ቁጥር ጥቁሩ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይታየዋል፤ ጥቁር ጫማ የለም ብሎም ይሄዳል። ዕቃ እያለ «የለም» የተባለበት ሌላው መንገድ እንግዲህ ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ ተብለው የተዘጋጁ የፍለጋ መሣሪያዎች አሉ። ዳግ ከቲንግ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሉሲን የተባለው ፕሮግራም ለብዙዎቹ መሠረት ሆኗል፤ ስሙ ከአፋሯ ሉሲ ጋር ዝምድና የለውም። በዚያ ላይ ቆሞ ዮኒክ ሲሊ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲኔት በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ሶለር የተባለውን ሠራ፤ ኩባንያውም በ2006 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ነፃ እንዲሆን ሰጠው። እነዚህ መሣሪያዎች ቈጠራውን በፍጥነት ይሠራሉ። ችግራቸው የመዝገቡን ሁለተኛ ቅጂ የሚይዙ መሆናቸው ነው። ዋናው ቋት ዕቃው ወጥቷል ሲል ቅጂው አለ ካለ፥ ባለጉዳይ ከሁለት ምስክር መካከል ይቆማል። ስለዚህ ሞዴል 22 ተቈርጦ ዕቃ በወጣ ጊዜ የሚለወጠው አንዱ ዋናው ቋት ብቻ ይሁን፤ ቅጂውም ከእርሱ እየተቀበለ ይታደስ፤ ቢበላሽ ከዋናው እንደ ገና መሥራት የሚቻል ይሁን። ሦስቱን ሠንጠረዥ በደንብ ሳይሠሩ ወደዚህ መሣሪያ መዝለልን ግን አንደግፈውም።

እስከዚህ የተናገርነው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። በአማርኛ ለተጻፈ መዝገብ ግን የራሱ ጣጣ አለበት፤ ይልቁንም የውጭ አገር ፕሮግራም እንዳለ ተገዝቶ ሲተከል ይህ ጣጣ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። «የፀሐይ ኃይል ፋኖስ» የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያውን ፊደል አንዱ በፀሐዩ «ፀ» ሌላው በጸሎቱ «ጸ» ይጽፈዋል። የሚቀጥለውን ድምፅ «ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ፥ ኃ» ብሎ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። የ«ኃይል»ም መነሻ እንዲሁ ስድስት ነው። ሁለት ጊዜ ስድስት ጊዜ ስድስት፥ ሰባ ሁለት ይሆናል። አንድ ፋኖስ በሰባ ሁለት አጻጻፍ! ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው። ማሽኑ ግን የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ለያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው የተለየ ቁጥር ስለሚመራ፥ ሰባ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ያያል።

ታዲያ አንዳንዶች ይህን ሲያዩ ሞክሼ ፊደላት ከመዝገቡ ይጥፉ ይላሉ። እኛ አንስማማም። ፊደሉን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ስሙ ጸሐፊው እንደ ጻፈው ለዓይን ይቀመጥ፥ ከጎኑ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ መልክ ይዘጋጅለት። በዚህ በሁለተኛው መልክ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ይጠቀለላሉ፤ ፈላጊው የጻፈውም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚያው ደንብ ይጠቀለላል። ሁለቱ በመንገድ ይገናኛሉ፤ የሊቃውንቱም አጻጻፍ ሳይነካ ይቀራል።

በቃላት መጀመሪያ ላይ የሚጣበቁት «የ፥ ለ፥ በ፥ ከ» ሌላ ፈተና ናቸው። «ለሕፃናት» እና «የሕፃናት» አንድ ቦታ መድረስ ይገባቸዋል። ነገር ግን መነሻውን ፊደል በጭፍን ቈርጦ የሚጥል ፕሮግራም ለውዝን «ውዝ»፥ በርበሬን «ርበሬ»፥ ከሰልን «ሰል» አድርጎ ያቀርባል። ከዚህ የተነሣ የአማርኛ መዝገብ ከልቅ ጽሑፍ ይልቅ በመለያ ቃል ላይ መደገፉ ይበጀዋል። መለያው ቁጥር ነውና መነሻ ቅጥያ አይጣበቅበትም። «ቡኒ»፥ «ቡናማ»፥ «ቡና ዓይነት» ሦስት ስም ሆነው ወደ አንድ ቁጥር ይመራሉ። ያው ቁጥር በአፋን ኦሮሞ፥ በትግርኛ፥ በሶማልኛም የየራሱ ስም ሊኖረው ይችላል፤ የመቀሌውና የጅግጅጋው ጸሐፊ በየቋንቋቸው የጠሩት ዕቃ በአንድ ረድፍ ላይ ይገናኛል።

ሁሉም ነገር ግን መለያ ቃል አይሆንም። ዋጋ፥ ክብደትና ርዝመት ቁጥር ሆነው በቁጥር ቦታ ይቀመጡ። «ከ500 ብር በታች» የሚል መለያ የለጠፈ ሰው ዋጋ በተለወጠ ቁጥር መዝገቡን ሲፍቅ ይኖራል። መለኪያውም አንድ ይሁን፤ አንዱ በኩንታል ሌላው በኪሎ ከጻፈ፥ አንድ ኩንታል ከሃምሳ ኪሎ ያነሰ ሆኖ ይደረደራል።

ቀሪው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ አዲስ መለያ ቃል የሚጨምረው ማን ነው? ለያንዳንዱ ጸሐፊ ከተፈቀደ በአንድ ዓመት ውስጥ መለያው ከዕቃው ይበዛል። ሦስት ወር ቈይቶ ለሚሰበሰብ ኮሚቴ ከተሰጠ ደግሞ፥ ጸሐፊው መጠበቁ ሲሰለቸው ሁሉን ነገር «ልዩ ልዩ» በሚለው ስር ይከተዋል። «ልዩ ልዩ» የሚለው መደብ በመሥሪያ ቤቶቻችን ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለእኛ የሚታየን ጸሐፊው እንዲያቀርብ፥ አንድ የተወሰነ ኃላፊም በየሳምንቱ እንዲያጸድቅ ወይም ካለው ቃል ጋር እንዲያዛምድ ነው። የተዛመደ ቃል አይሰረዝ፤ ቁጥሩ ወደ ዋናው ይመራ እንጂ፥ የድሮው ደብዳቤና የድሮው ደረሰኝ ትርጉም እንዳያጣ። ለዋናዎቹ መደቦች ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት ስም ያለበት፥ ባለ ስምንት አኃዝ የዕቃና የአገልግሎት መለያ ሥርዓት አለ፤ በየሁለት አኃዙ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየወረደ ይሄዳል። ግንዱን ከዚያ መዋስ፥ ቅጠሉን ከአገር ቃል ማብቀል ይቻላል።

መዝገቡ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ማሽኑ አንድ ነገር እንዲጽፍ ይታዘዝ፤ ይኸውም ተፈልገው ምንም መልስ ያላገኙትን ቃላት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ይህ ዝርዝር ይታተም። ከላይ ያሉትን ሃያ ቃላት ይዞ ወደ ግምጃ ቤቱ መውረድ፥ ከዕቃ ቤቱም ኃላፊ ጋር በየመደርደሪያው እየዞሩ ዕቃው በእውነት የሌለ ወይም በሌላ ስም የተቀመጠ መሆኑን መመልከት፥ የአንድ ሰኞ ጧት ሥራ ነው።